«ቀን አልቀበልም አለ»፦ ስለ ኢቲ 302 እና ሰሚ ስላጡ የስህተት ሪፖርቶች

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ሰበታ ውስጥ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገና በጠዋቱ በአባላቱ ተጨናንቋል። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ ሰዉ ካጠራቀመው ላይ ቀንሶ በግ ሊገዛ፣ ቅቤና ዶሮ ሊሸምት፣ ለልጆቹ ልብስ ሊያይ ነው የመጣው። ገንዘቡ ካዝና ውስጥ አለ፤ የጎደለ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ግን አንድም ወጪ አልመዘግብም ብሏል።

ያንን ሲስተም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዧ ደወሉልኝ። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ማኅበሩን በደብተር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ቀን አልቀበልም አለ እኮ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ጫጫታ ግን በደንብ ይሰማኛል። እኔ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ቴስቶቹን አስኬድኳቸው። 412 ናቸው። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። «ከእኛ በኩል ችግር የለም፣ እስቲ አጥፍተው ያብሩት» ብዬ መለስኩላቸው።

በሙያው ለሌለ አንባቢ፦ አውቶማቲክ ቴስት ማለት ፕሮግራምን የሚፈትን ሌላ ፕሮግራም ነው። «መቶ ብር ካለው ሰው ላይ ሁለት መቶ ለማውጣት ሞክር፤ እምቢ ካለ ጎበዝ፣ ከፈቀደ ወድቋል» ብለን አንድ ጊዜ እንጽፈዋለን፤ ከዚያ በኋላ ኮዱን በነካን ቁጥር ማሽኑ ራሱ ሁሉንም ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ። አረንጓዴውን ማየት ሱስ ያስይዛል። ችግሩ፣ ማሽኑ የሚጠይቀው እኛ የጻፍንለትን ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው።

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ ስድስት ትሆናለች። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል፤ እኔም አውቃለሁ፣ ስጽፈው ግን ረሳሁት። ኮዱን የጻፍኩት በ2013 ማብቂያ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን አምስት ነበረች፣ በቀጣዩም አምስት። ሰው በስህተት 6 ቢጽፍ ሲስተሙ እንዳይቀበል አደረግሁ፤ ይባስ ብዬም «ጳጉሜን 6 ከመጣ እምቢ በል» የሚል ቴስት ጻፍኩለት። ዓመቱን አልጠቀስኩም። ስለዚህ ያ ቴስት ለሁለት ዓመት ሙሉ ስህተቴን ሲጠብቅልኝ ኖረ፤ አንድ ሰው ኮዱን ሊያስተካክል ቢሞክር እንኳ ቀይ እያበራ ያስደነግጠው ነበር።

ይህ ሁሉ ይቅር ሊባል ይችላል። ይቅር የማልለው የሚቀጥለውን ነው። ገንዘብ ያዧ በሰኔ ወር በቴሌግራም ጽፈውልኝ ነበር። አንድ አባል ብድሩን የሚጨርስበት ቀን ጳጉሜን 6 ላይ ይውላል፤ ሊያስገቡት ሞክረው አልሆነላቸውም። መልእክታቸው ሦስት ቃል ነበር፦ «ቀን አልቀበልም አለ»። እኔ ደግሞ የትኛው ቀን ብዬ አልጠየቅሁም። በሪፖርት መዝገባችን ላይ «የተጠቃሚ ስህተት» ብዬ ዘጋሁት። አጻጻፍ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ነው። ሲስተሙም በበኩሉ ቀን እምቢ ባለ ቁጥር ኢሜይል ይልክ ነበር፤ ኢሜይሉ የሚገባው ድርጅቱን ከለቀቀ ስድስት ወር ባለፈው ልጅ አድራሻ ነበር።

ጥገናው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ማስተካከያዬን አይቶ ማጽደቅ የነበረበት የሥራ ባልደረባዬ ሱሉልታ ነው የሚኖረው፤ በዚያ ሰዓት ከብት ገበያ ውስጥ የበግ ላት እየዳበሰ ነበር። አንድ እጁ በጉ ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ ሆኖ አጸደቀው። ሰበታ ስንደውል ግን ሕዝቡ ሄዷል። ገንዘብ ያዧ የእኔን «አጥፍተው ያብሩት» ሰምተው፣ አንዴ አጥፍተው አብርተው፣ ከዚያ ካሬ ደብተር አውጥተው 60 ለሚጠጉ ሰዎች በእጅ ጽፈውና አስፈርመው ከፍለዋል። በግ ሳይገዛ የቀረ ሰው የለም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ላፕቶፔ ውስጥ ለወራት ሳልነካው የተቀመጠ አንድ ፋይል ከፈትኩ። የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ስለ ኢቲ 302 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ነው፤ ይፋ የሆነው ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ነው። ያኔ አውርጄው «አንድ ቀን አነበዋለሁ» ብዬ ተውኩት። መጋቢት 1 ቀን 2011 አውሮፕላኑ ሲወድቅ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ፤ እሑድ ስለነበር ቤት ነኝ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ «የማን የማን ልጅ ይሆን?» ትል ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት «ሶፍትዌር» የሚለው ቃል ከዜና አንባቢዎች አፍ ሲወጣ የተሰማኝን አልረሳውም። እኔ ልማረው፣ እንጀራ ልበላበት የማስበው ነገር ሰው ሊገድል እንደሚችል ከዚያ በፊት አንድም አስተማሪ ነግሮኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ላስቀድም። የእኔ ጥፋት ያስከተለው የጥቂት ሰዓት ሰልፍ ነው። ያ ደግሞ 157 ሰው ነው። ማወዳደር ነውር ነው፤ እያወዳደርኩም አይደለም። ሪፖርቱን፣ የኢንዶኔዥያን መርማሪዎች ሪፖርትና የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በመስከረም 2013 ያወጣውን ሰነድ ጎን ለጎን ሳነብ ግን እየደጋገመ የታየኝ የሦስት ቃሉ መልእክት ነው። አደጋው ሲነገር ብዙ ጊዜ «የሶፍትዌር ስህተት» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ያየሁት ሌላ ታሪክ ነው፤ ስህተቱን ያዩ ሰዎች ነበሩ፣ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ። ያዩት ነገር ሊጠግነው ከሚችለው ሰው ጋር ሳይገናኝ ቀረ።

ከመነሻው ልጀምር። ቦይንግ 737 ማክስ በአሮጌው 737 አካል ላይ ትልልቅ አዲስ ሞተሮች የተገጠሙበት አውሮፕላን ነው። ሞተሮቹ ከበፊቶቹ ስለሚገዝፉ ወደፊትና ወደላይ ተገፍተው ተቀመጡ፤ በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ከሚፈለገው በላይ ቀና የማለት ጠባይ አመጣ። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ኤምካስ የሚባል ትንሽ ሶፍትዌር ተጻፈ። ሥራው አፍንጫው በጣም ቀና ካለ የጭራውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ ወደታች መግፋት ነው። አብራሪው ሳያዝዘው፣ ሳያውቀውም።

የመጀመሪያው ኤምካስ ጠንቃቃ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲነሳ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ያስፈልጉት ነበር፤ የአፍንጫው አንግልና አውሮፕላኑ ላይ ያረፈው የስበት ጫና። ጭራውን የሚያንቀሳቅሰውም ቢበዛ 0.6 ዲግሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የበረራ ሙከራ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነትም እርዳታ እንደሚያስፈልግ ታየ። ስለዚህ የጫናው ምልክት ቀረና አንግሉ ብቻ በቂ ሆነ፤ 0.6 የነበረው ገደብም ወደ 2.5 ዲግሪ አደገ። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የአንግሉን መረጃ የሚያመጣው ደግሞ አፍንጫው ጎን ላይ ካሉት ሁለት ሴንሰሮች በየበረራው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው እዚያው አለ፤ አይጠየቅም።

እኔ ከማኅበሩ ሲስተም ውስጥ የብድር ጣሪያውን በአራት እጥፍ ባሳድግ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሁሉንም ቴስት እንደገና ካላየሁ አላጸድቅም ባለኝ ነበር። የማክስ ግን ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የቀረበው የደህንነት ትንተና ከለውጡ ጋር እኩል አልተራመደም፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ኤምካስን በአሮጌው መልኩ እንደሚያውቁት ቀሩ።

ፈተና አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ሲሙሌተር ውስጥ ኤምካስ ያለምክንያት ሲነሳበት ነገሩን ለይቶ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጀበት፤ ውጤቱንም ከባድ አደጋ የሚያስከትል ብሎ ገለጸው። የንድፉ ግምት አብራሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል የሚል ነበር። ይህ ቀይ የበራ ቴስት ነው። የምክር ቤቱ ኮሚቴ እንዳለው ይህ ውጤት ለኤፍኤኤ አልተነገረም፤ የ4 ሰከንዱ ግምትም እንዳለ ቀጠለ።

ሌላው ፈተና ይበልጥ የእኔን ይመስላል። ቦይንግ ኤምካስ በስህተት ቢነሳ ምን ይሆናል ብሎ በሲሙሌተር ፈትኗል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2019 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ግን፣ በዚያ ፈተና ውስጥ ጭራው እንዲንቀሳቀስ ተደረገ እንጂ ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ምክንያት፣ ማለትም የተበላሸ ሴንሰር፣ አብሮ አልተፈተነም። ሴንሰር ሲበላሽ እኮ ጭራው ብቻ አይደለም የሚያብደው። የካፒቴኑ መሪ እየተንቀጠቀጠ «ልትወድቅ ነው» ይላል፤ የፍጥነት ቁጥሮቹ ግራና ቀኝ ይለያያሉ፤ የከፍታውም እንዲሁ፤ መብራቶች ይበራሉ። ጸጥ ባለ ክፍል አንድ ጥያቄ ለተጠየቀ ተማሪ የተሰጠ ማርክ፣ ገበያ መሃል አሥር ሰው በአንዴ ለሚጮህበት ሰው መለኪያ ሆነ።

ኅዳር 2009 (እ.ኤ.አ. 2016) ላይ የቦይንግ ዋና ቴክኒካል አብራሪ የነበረው ማርክ ፎርክነር ሲሙሌተር ውስጥ ኤምካስ ባልጠበቀው ሁኔታ ሲነሳበት ለሥራ ባልደረባው በቻት ነገረው። ያ ቻት ለሕዝብ የደረሰው ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ ነው። ያየው የሲሙሌተሩን እንከን እንጂ የአውሮፕላኑን አይደለም ብለው ጠበቃው ተከራክረዋል፤ እሱም በ2014 (እ.ኤ.አ. 2022) ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቋል። ስለዚህ ሰውየውን መክሰስ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ኤምካስ የሚለው ስም ከአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ እንዲወጣ መደረጉ ነው። ስም የሌለውን ነገር ሪፖርት ማድረግ አይቻልም። የሰበታዋ ገንዘብ ያዥ «የቀን ማረጋገጫው የዘመነ ሉቃስን ጳጉሜን አይቀበልም» ብለው ሊጽፉልኝ አይችሉም ነበር፤ እንዲህ የሚባል ነገር ውስጡ እንዳለ ማን ነገራቸው?

በ2017 እ.ኤ.አ. ማክስ ለአየር መንገዶች መከፋፈል በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የቦይንግ ኢንጂነሮች አንድ እውነተኛ፣ ማንም የማይክደው የሶፍትዌር ስህተት አገኙ። ሁለቱ የአንግል ሴንሰሮች ካልተስማሙ ለአብራሪው የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ በሁሉም አውሮፕላን ላይ መሥራት ነበረበት። ሶፍትዌሩ ግን ከሌላ፣ ለብቻው በክፍያ ከሚመረጥ የአንግል መመልከቻ ጋር አቆራኝቶት ተገኘ፤ መመልከቻውን ያልገዛ አየር መንገድ ማስጠንቀቂያውም አይሠራለትም። ከማክስ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ መመልከቻው አልነበራቸውም። ቦይንግ ነገሩን መርምሮ ለደህንነት አያሰጋም አለና ጥገናውን ለ2020 እ.ኤ.አ. አፕዴት ቀጠረው። ለአየር መንገዶቹም ለኤፍኤኤም ወዲያው አልነገረም። በእኛ ቋንቋ «ዝቅተኛ ቅድሚያ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ወረፋ ላይ ተቀመጠ። የማይበራ ማስጠንቀቂያ ሰው ከማያነበው ኢሜይል በምን ይለያል?

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የባሊው በረራ ነው።

ጥቅምት 18 ቀን 2011፣ የኢንዶኔዥያው ላዮን ኤር አንድ ማክስ 8 ከደንፓሳር ወደ ጃካርታ ሊበር ተነሳ። ቀደም ብሎ በገጠመው ብልሽት የግራው አንግል ሴንሰር ተቀይሮለታል። የተተካው ሴንሰር ፍሎሪዳ ውስጥ ሲጠገን በ21 ዲግሪ ያህል ተሳስቶ የተስተካከለ ነበር፤ ሲገጠምም በትክክል የተፈተነ መሆኑን መርማሪዎች ማረጋገጥ አልቻሉም። አውሮፕላኑ ከመሬት እንደለቀቀ የካፒቴኑ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አፍንጫው ወደታች መገፋት ጀመረ። ኮክፒት ውስጥ በተጓዥነት የተቀመጠ ሦስተኛ አብራሪ ነበር፤ ባለሥራዎቹ ሁለት ስለሆኑ እጁ ያልተያዘው፣ ከዳር ሆኖ የሚያየው እሱ ነው። አፍንጫው እየወረደ መሆኑን ነገራቸው። ካፒቴኑ የጭራውን ኤሌክትሪክ አጠፋ፤ በእጅ እያዞሩ ጃካርታ ደረሱ።

ስህተቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ከነመፍትሔው። ሰው አልሞተም።

ካረፉ በኋላ ካፒቴኑ የጥገና መዝገቡን ሞላ። ፍጥነትና ከፍታ አመልካቾቹ አለመስማማታቸውን፣ አንድ የግፊት መብራት መብራቱን ጻፈ። መሪው በረራውን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ መቆየቱን አልጻፈም። የጭራውን ኤሌክትሪክ አጥፍተው መምጣታቸውን አልጻፈም። ቴክኒሻኖቹ የተጻፈውን አነበቡ፣ ለተጻፈው የሚሆነውን ጥገና አደረጉ፣ ፈተኑት፣ አለፈ። በማግሥቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን በበረራ ቁጥር 610 ሌሎች አብራሪዎችን ይዞ ተነሳ። ካፒቴኑ ከ20 ጊዜ በላይ አፍንጫውን መልሶ ቀና አደረገው። በ13ኛው ደቂቃ ግድም ባሕር ውስጥ ገባ። 189 ሰው አለቀ።

የመዝገቡን ጉዳይ ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ በእግሬ ትንሽ ሄድኩ። ካፒቴኑን አልፈርድበትም። ደክሞታል፣ ሌሊት ነው፣ አውሮፕላኑን በሰላም አሳርፏል፤ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩን ነግሮት የሚያውቅ ሰው የለም። የተቀየረለትን ሴንሰር ከሚንቀጠቀጠው መሪ፣ መሪውን ከሚወርደው አፍንጫ ጋር እንዲያያይዝ የሚረዳ አንድም መስመር በመመሪያው ውስጥ አልነበረም። ያየውን ክፍልፋይ ጻፈ። «ቀን አልቀበልም አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለው የ132 ቀን ታሪክ ነው፤ ከጥቅምት 19 እስከ መጋቢት 1። በዚህ ጊዜ ስህተቱ ድብቅ አልነበረም። በሳምንቱ ቦይንግ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ አወጣ፤ በማግሥቱ ኤፍኤኤ አስቸኳይ መመሪያ ጨመረ፤ ከቀናት በኋላ ኤምካስ የሚለው ስም ለአየር መንገዶች ተነገረ። የሶፍትዌሩ ማስተካከያም ተጀመረ። በኅዳር መጨረሻ ላይ ኤፍኤኤ ውስጥ አንድ ስሌት ተሠራ፤ ማስተካከያ ካልተደረገ በማክስ አውሮፕላኖች ሙሉ ዕድሜ ውስጥ 15 ያህል ተጨማሪ አደጋ ሊደርስ ይችላል ይላል። ለሕዝብ የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። አውሮፕላኖቹ መብረር ቀጠሉ። ማስተካከያው ደግሞ፣ ሶፍትዌር ሠርቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው፣ ከታሰበለት ጊዜ ዘገየ።

ኢቲ-ኤቪጄ የሚል መለያ ያለውን ማክስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው በኅዳር 2011 አጋማሽ ሳይደርስ፣ ኅዳር 6 ነው። ላዮን ኤር ከወደቀ ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ስህተቱ በሚታወቅበት ጊዜ፣ ከነስህተቱ፣ አዲስ ሆኖ ቦሌ ገባ።

መጋቢት 1 ከጠዋቱ 2፡38 ላይ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። አሁን እኔ በሁለቱ ዕድሜ መካከል አልፌ ነው ይህን የምጽፈው። ከመሬት እንደለቀቁ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ 15 ግድም ነበር። ማንኛውም ሰው ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ቢያያቸው አንዱ እንደዋሸ ያውቃል። ኤምካስ ግን የሚያምነው ግራውን ብቻ ነው። መሪው ተንቀጠቀጠ፤ አፍንጫው ወደታች ተገፋ። መለሱት፤ እንደገና ገፋ። የጭራውን ኤሌክትሪክ አጠፉ፤ ማሳሰቢያው የሚለው ይህንን ነው። ኤምካስ ለሦስተኛ ጊዜ አዘዘ፤ ኤሌክትሪኩ ስለጠፋ ጭራው አልተነቃነቀም። እስከዚህ ድረስ የባሊው መፍትሔ ነው። ቀጥሎ በእጅ ማዞር ነበር የቀረው። ረዳት አብራሪው ሞከረ፤ አልሠራም አለ። በዚያ ፍጥነት ጭራው ላይ ያረፈው የነፋስ ኃይል መዘውሩን አክብዶታል። ኤሌክትሪኩ ተመልሶ በርቶ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ ለአጭር ጊዜ ሲሞከር፣ ኤምካስ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሳ። 2፡44 ላይ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ ላይ 10 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቀረ። የ35 አገር ሰዎች ነበሩበት።

መጋቢት 26 የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲያቀርቡ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው ተግብረዋል አሉ። ይህ ጉዳይ ዛሬም ያከራክራል። በመጨረሻው ሪፖርት ላይ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የልዩነት አስተያየት ጽፈዋል፤ ኤምካስ ጥፋተኛ መሆኑን ተቀብለው፣ የሞተሩ ኃይል አለመቀነሱና የአብራሪዎቹ አሠራር በበቂ አልታየም አሉ፤ ሴንሰሩንም ያበላሸው የእኛ ቢሮ እንዳለው የኤሌክትሪክ ችግር ሳይሆን ወፍ ሊሆን ይችላል አሉ። ሁለቱንም ወገን አንብቤያለሁ። ስለ ሴንሰሩ የመፍረድ ዕውቀቱ የለኝም። ስለ አብራሪዎቹ ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ ሠሪው በጸጥታ ክፍል ውስጥ ያልፈተነውን ነገር በስድስት ደቂቃ ውስጥ በሕይወታቸው እየፈተኑ ነበር። እኔም ለገንዘብ ያዧ «አጥፍተው ያብሩት» ብያቸዋለሁ።

ማክስ ከ20 ወር በላይ ከቆመ በኋላ ኤፍኤኤ በኅዳር 2013 እንዲበር ሲፈቅድ የተደረገው የኤምካስ ማስተካከያ በጥቂት ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነው። ሁለቱን ሴንሰር ያነጻጽራል፤ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ አይሠራም። ለአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ይነሳል። አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ይችላል። የማይሠራው ማስጠንቀቂያም እንዲሠራ ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ነው። ማስተካከያውን ሳነብ የመጣብኝ ስሜት ከማድነቅ ይልቅ ንዴት ነበር፤ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ «ሁለት ሴንሰር ካለ ለምን አናነጻጽራቸውም?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ነው። ለነገሩ «ጳጉሜን 6ስ?» የሚለውንም የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይጠይቀዋል።

በጥቅምት 2016 ከቡራዩ ተነስቼ፣ አየር ጤናና አለም ገና ላይ ታክሲ እየቀየርኩ ሰበታ ሄድኩ። ሲስተሙን ከሠራሁ ጀምሮ ቢሯቸው ስሄድ ሁለተኛዬ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ በስልክ ነው የጨረስነው። ገንዘብ ያዧ ሻይ አስመጡልኝና ካሬ ደብተሩን አሳዩኝ። የበዓሉን ዋዜማ ገጾች ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሲስተሙ ከገባ ጀምሮ እምቢ ያላቸውን ነገር ሁሉ እየጻፉ ነው የቆዩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአባል ቁጥር፣ ምን እንዳደረጉ። ስድስት ገጽ ሞልቷል። «ለምን አላኩልኝም?» አልኳቸው። «ላክሁልህ እኮ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ። አንተ ሥራ ይበዛብሃል መሰለኝ» አሉኝ፣ እንዳላፍር እየተጠነቀቁ።

ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። 31 ነገር ነበር። ዘጠኙን በእርግጥም አጻጻፍ ተሳስተው ነው። ሃያ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ሁለቱ ወለድ ላይ ያሉ ናቸው፣ ብር የሚያጎድሉ። ለእያንዳንዳቸው መጀመሪያ ቀይ የሚያበራ ቴስት ጻፍኩ፣ ከዚያ ጠገንኩ። «የተጠቃሚ ስህተት» የሚለውን መዝጊያ ከመዝገባችን ውስጥ አጠፋሁት፤ አለቃችን ደስ አላለውም፣ የተዘጉ ሪፖርቶች ቁጥር ቀንሶበታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ መልእክት መጣልኝ። «ደረሰኝ ሁለቴ ያትማል፣ አንዳንዴ» ይላል። ማተሚያው ነው ብዬ አስባለሁ፤ ገና ግን ክፍት ነው። ማክሰኞ ሰበታ ነኝ።